የሃምሳ አለቃው መልስ

"በጥር እገባለሁ" አለች ቬንላ፣ ሁለቱን ነጫጭ ሻማዎች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን እያቆመች። "ተቀብለውኛል። እዚሁ ካያኒ፣ ጦር ሰፈሩ።"

እናቷ ኦውቲ ካሮት እየላጠች ነበር። እጇ ቆም አለ፤ ከዚያ እንደገና መላጥ ጀመረ።

"ሴት ልጅን ማንም ለውትድርና አያስገድዳትም።"

"ማንም አላስገደደኝም። ራሴ ነኝ ያመለከትኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ስልጠናዬን እጨርስና ኦትሶ የነበረበት እሄዳለሁ። ጓደኞቹ አሁንም እዚያው ናቸው።"

ይኸው፣ ተነገረ። ልጅቷ ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ኦትሶ ባለፈው ሚያዝያ፣ በፈቃዱ ሊዋጋ በሄደባት ዩክሬን ውስጥ፣ ኦውቲ እስከ ዛሬ ስሟን አስተካክላ መጥራት በማትችላት አንዲት መንደር ዳር ሞቶ፣ በተዘጋ ሳጥን መጥቶላቸዋል። ዛሬ የአገራቸው የነፃነት ቀን ነው። ጠዋት ሦስቱም መቃብሩ ድረስ ሄደው፣ በረዶውን በጓንታቸው ጠርገው፣ ሻማ አብርተው፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ተመልሰዋል።

"ለአባትሽ ነግረሽዋል?"

"ዛሬ እጠይቀዋለሁ። ፊልሙን ስናይ።" ቬንላ የሻማውን ክር በጣቷ ቀና አደረገችው። "አትሂጂ ካለኝ እቀራለሁ። ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ። እንዳትነግሪው፣ እሺ? መልሱን ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።"

"እኔስ?"

"አንቺ ምን?"

"እኔ ምን እንደምል አትጠይቂኝም?"

ቬንላ ዞር ብላ አየቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ትንሽ ያዘነችላት መሰለች።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ምንም ብለሽ አታውቂም።"

ኦውቲ ካሮቱን አጥባ ድስቱ ውስጥ ከተተች።

በዚህ ቤት "ፊልሙ" ከተባለ አንድ ነው፣ ስሙን የሚጠራው የለም። አገሩ ሌላ ፊልም አጥቶ አይደለም። ግንድ ላይ ቆመው ወንዝ ሲወርዱ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቁ ጎረምሶች ያሉበት አለ፤ ገበሬው ሰክሮ የጎረቤቱን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆውን፣ የሚያቃጥልበትም አለ። ኦትሶ ሁሉንም ይወድ ነበር። በነፃነት ቀን ግን አገር ምድሩ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ የጦርነት ፊልም ያያል፤ የእነ ኦውቲ ቤት ደግሞ ከማየትም አልፎ አብሮ ይናገራል። ባሏ ኢልካ ሃምሳ አለቃው ነው። የኢልካ ታላቅ ወንድም ሬይዮ የሚነጫነጨው የጦሩ ምግብ አብሳይ ነው። ቬንላ ትንሽ ሳለች ፈረሱን ትሆን ነበር፤ ታሽካካ ነበር። ኦትሶ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ መትረየስ ተኳሹን ልጅ እግር ወታደር ይሆን ነበር። ኦውቲ ድርሻ የላትም። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለአራት መቶ ልጅ ስትቀቅል ትውልና ቤቷም ስትገባ ያው ናት፣ ትሪ ይዛ ወዲያ ወዲህ።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አንድ ጀልባ ነው ያለው። ጠላት ጫካው ውስጥ ደርሷል፤ አንድ ሰው ቀርቶ ካልያዘላቸው ማንም አይሻገርም። ልጅ እግሩ ወታደር መትረየሱ ጀርባ ተኝቶ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ የሰፈሩን እሳት ብቻ ለማየት እንደሚቀር ሁሉ፣ "እናንተ ተሻገሩ። እኔ እሳቱን አይቼ እመጣለሁ" ይላል። ሃምሳ አለቃው ትንሽ ያየውና "እሺ። እንዳትቆይ" ይለዋል። ልጁ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማቀፍ የለ፣ መሳም የለ። ሕዝቡ በየዓመቱ የሚያለቅሰውም እዚህች ጋ ነው።

ኦውቲን የበላት ግን ፊልሙ አይደለም። ባለፈው መጋቢት ኦትሶ ደወለ። ኢልካ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ኦውቲ ሰሃን እያጠበች ነበር። ልጁ ሳቅ ሳቅ እያለው ያወራል። ምሽጋቸው ውስጥ የሁሉም አገር ሰው አለ አለ፣ ሥራ ሲጠፋ እያንዳንዱ የአገሩን ምርጥ ፊልም ይተርካል፤ ብራዚላዊው የራሱን ሲጨርስ ቆሞ ዘፈነ፣ አየርላንዳዊው ሲተርክ ራሱ አለቀሰ።

"እኔም የእኛን ነገርኳቸው" አለ። "ምን አሉኝ መሰለህ አባዬ? 'ይሄ ነው የምትወዱት? ማንም ምንም አይናገርም እኮ!'"

ኢልካ ከት ብሎ ሳቀ።

"ኮንትራቴ ዓርብ ያልቃል" አለ ኦትሶ።

"አሃ" አለ ኢልካ።

ቀጥሎ ልጁ ያቺን አባባል አመጣት፤ "እናንተ ተሻገሩ። እኔ እሳቱን አይቼ እመጣለሁ።"

ኢልካ ደስ አለው። ልጁ ያንን ሁሉ መከራ እያየ ጨዋታቸውን አለመርሳቱ ደስ አለውና፣ እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ "እሺ። እንዳትቆይ" አለው።

"እሺ አባዬ" አለ ኦትሶ፣ ቆይቶ።

ኦውቲ ያኔውኑ ገብቷታል። እየቀለደ አልነበረም፤ ልምጣ ወይስ ልቅር እያለ እየጠየቀ ነበር፣ ፊት ለፊት መጠየቅ ስላልቻለ። የእነሱ ቤት ልጅ ነዋ፣ ከየት ይማረው? "ና" የምትለዋ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሳ ነበር። የአባትና የልጅ ወሬ ነው፣ ምን አስገባኝ አለችና ዋጠቻት። ልጁ ኮንትራቱን አሳደሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦውቲ ባሏን ዓይኑን አታየውም፤ እሱም ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሐዘን ነው ይላል።

ድስቱን ምድጃው ላይ ትታ ወደ ግቢ ወጣች። የዚህ ወር ቀን አጭር ነው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ጨልሟል። ኢልካ ከትናንት ወዲያ የጠረገውን መንገድ እንደገና እየጠረገ ነው። የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል።

"ኢልካ።"

"እ?"

"ዘንድሮ ፊልሙ ይቅርብን።"

አካፋውን በረዶው ውስጥ ተከለና ተደገፈው። "ሬይዮ ይመጣል።"

"ይምጣ። በልቶ ይሂድ።"

"ኦትሶ ይወደው ነበር እኮ።"

"ይወደው ነበር። ለዚሁ ነው የምልህ።"

ኢልካ ወደ ጫካው አየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "ወታደሩ ያቺን አባባል ሲል የልጄ ድምፅ ይሰማኛል። ሌላ ቦታ አይሰማኝም፣ ሞክሬያለሁ። ፎቶውንም አየዋለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ያቺን ብቻ ነው የተወልኝ።"

ኦውቲ ስለ ቬንላ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ግን ልጅቷ እንዳትነግሪው ብላታለች፣ ደግሞስ ይህን ሰውዬ ይህን ካለ በኋላ ምን ብላ ትጀምረዋለች?

"ሳትለብሺ ነው የወጣሽው፤ ግቢ፣ ይበርድሻል" አላት።

ገባች።

ሬይዮ ጫማውን በር ላይ እያራገፈ ደረሰ። ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ነው። ራሱ የጋገረውን፣ ሩዝ የታቀፈ የጥቁር ዱቄት ቂጣ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል።

"ኦውቲ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? የትምህርት ቤቱ ልጆች ድርሻሽን ይበሉብሻል እንዴ?"

"ግባ ሬይዮ። በሩን ዝጋው።"

"ቬንላስ? ዘንድሮም ፈረስ ነሽ ወይስ ዕድገት ሰጡሽ?"

"ዕድገት አግኝቻለሁ" አለች ቬንላ።

"እንዲያ ነው እንጂ።" ሬይዮ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። "እስቲ እንግዲህ፣ ምናልባት ዘንድሮ መጨረሻውን ቀይረውት ይሆናል።"

ይህችን ቀልድ በየዓመቱ ይላታል፤ በየዓመቱ ይሳቃል። ዛሬ ማንም አልሳቀም። ሬይዮ ቀልዱ የት እንደወደቀ ሲገባው ፊቱ ቀላ፤ ቂጣውን ማደል ጀመረ።

ፊልሙ ተጀመረ። ቬንላ ሶፋው ላይ፣ ከሚያዝያ ወዲህ ማንም ባልተቀመጠበት የኦትሶ ጥግ ተቀመጠች። ኢልካ አያት። የፊልሙ ምግብ አብሳይ ሲመጣ ሬይዮ እንደ ምንም ብሎ፣ "ይህ ሾርባ ነው ወይስ ወንዙን ነው የቀዳችሁት?" አለ፤ ቬንላም ለእሱ ስትል ፈገግ አለች። ኦውቲ የተጋገረውን ካሮት አቀረበች፣ ሰሃን አነሳች፣ ቅቤ ጨመረች። ማንም ብዙ አልበላም። ሻማዎቹን የለኮሰቻቸው እሷ ናት። ድሮ ሁለት ሻማ መስኮት ላይ ከታየ፣ ድንበር ሊሻገሩ ለሚሸሹ ወጣቶች እዚህ ቤት ማደሪያ አለ ማለት ነበር ይባላል። የዛሬውን ወጣት ማን እንደሚያስጠጋው እንጃ።

ወንዙ መጣ። ጀልባዋ መጣች። ኦውቲ ትሪውን እንደያዘች ከሶፋው ጀርባ ቆመች። ሬይዮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ኢልካ ልክ እንደ ልጅ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል።

ልጅ እግሩ ወታደር ከመትረየሱ ጀርባ ተኛ። ቬንላ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ መልሳ አባቷን አየችው፤ ከወታደሩ ጋር እኩል፣ ቃል በቃል፣

"እናንተ ተሻገሩ" አለች። "እኔ እሳቱን አይቼ እመጣለሁ።"

የኢልካ ዓይን እንባ ሞላ። ስንት ዓመት ሙሉ ያለው ነገር ነው፤ ሳያስበው ድምፁ ጎረነነ።

"እሺ" አለ። "እንዳት—"

ኦውቲ ሪሞቱን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቃ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ክፍሉ ጨለመ፤ የቀረው የሻማዎቹ ብርሃን ብቻ ነው።

"ኧረ ኦውቲ" አለ ሬይዮ።

"አትሂጂ" አለች ኦውቲ።

ቬንላ ዞረች። "አንቺን አልጠየቅኩም።"

"አውቃለሁ። ሳልጠየቅ ነው የምናገረው። እንድትሄጂ አልፈልግም።"

"የት ነው የምትሄደው?" አለ ኢልካ። አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ልጁን ያያል። "ምንድን ነው ነገሩ?"

"በጥር ጦር ሰፈር ልትገባ ነው። ከዚያ ኦትሶ የሞተበት። አንተን እየጠየቀችህ ነበር፤ አንተም እሺ ልትላት ነበር።"

"እኔ እኮ ፊልሙን ነው—"

"ያን ጊዜም ፊልሙን ነበር።"

ወዲያው አልገባውም። ኦውቲ ሲገባው ቆማ አየችው። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ከዚያ እጁ ወደ አፉ ሄደ። ክፉ ነገር እንዳደረገች ታውቃለች። ልጁ የተወለትን ያቺን አንዲት ነገር መንጠቋ ነበር። ቃሉ ግን ከወጣ ወጣ።

"እየጠየቀኝ ነበር?" አለ ኢልካ።

"አዎ።"

"ልምጣ እያለኝ ነበር?"

"አዎ ኢልካ።"

ሬይዮ የወንድሙን ክንድ ያዘ። ቬንላ ግን ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሳችም።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ኦውቲ ከሚያዝያ ጀምሮ ስትፈልገው የኖረችው መልስ ነው። የተሻለ አላገኘችም።

"ሰሃን እያጠብኩ ነበር" አለች።

ቬንላ ተነሳች። እንደምትጮህ ጠብቀው ነበር፤ አልጮኸችም። አልፋቸው ደረጃውን ወጣች፤ ላይ በሩ ተዘጋ፣ ሳይጮህ።

ኦውቲ ትሪውን አስቀመጠች። ሪሞቱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ደረጃው ሄደች።

"ተያት፣ ኦውቲ" አለ ሬይዮ። "ትረጋጋ። ሰው ሲከፋው ብቻውን ሲሆን ይሻለዋል።"

የዚህ ቤት ሕግ ነው። እሷም በዚህ ሕግ ነው ያደገችው፤ ሁለት ልጆችም በዚሁ ነው ያሳደገችው።

"ኦትሶንም ተውነው" አለችና ደረጃውን ወጣች።

በሩን አንኳኳች።

"ተዪኝ" አለ የቬንላ ድምፅ።

"አልተውሽም" አለች ኦውቲ፤ ከፍታም ገባች።