የሩቅያ ቅል

ሔራን በቅል የቀረበላትን ውሃ አልጠጣም ያለችው ሆዷን ፈርታ ነበር። በጣና ዳር ባለው የነገደ ወይጦ መንደር ግን ውሃ አልጠጣም ማለት ሌላ ትርጉም አለው። የከተማው ሰው እነሱ በጠጡበት ዕቃ አይጠጣም፤ ከድሮ ጀምሮ ሲጸየፋቸው ኖሯል። ሔራን ባሕር ዳር ተወልዳ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ ውጭ አገር ሐኪምነት ስትማር ግን ረስታዋለች። የመንደሩን ነፍሰ ጡሮች ጤና ላጥና ብላ ከተመለሰች ወዲህ፣ ከዚያች ቅል ወዲያ አንዲት ሴት እንኳ አልቀረበቻትም።

ዛሬ ጠዋት ግን እማማ ዘይነባ ራሳቸው አስጠሯት። ነፍሰ ጡር ልጃቸው ሩቅያ ፊቷ አብጧል፤ ዓይኗም ብዥ ይልባታል። ሔራን የደም ግፊቷን ለካችና ደነገጠች።

«ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባሽ ለአንቺም ለልጅሽም ያሰጋል።»

«አልሄድም» አለች ሩቅያ። «ፊት ያረገዝሁ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄጄ ውሃ ጠየቅሁ። የጠጣሁበትን ብርጭቆ ዓይኔ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ወጥቼ መጣሁ፤ ልጄም እዚሁ ሞተብኝ። አንቺስ ቅላችንን ተጸይፈሽ የለም?»

የሔራን ፊት ጋለ። «ቅሉን አይደለም። ውሃው ስላልፈላ ነው።»

እማማ ዘይነባ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሆድሽን ፈርተሽ ነው? ታዲያ አፍ የለሽም? እኛ እኮ ስንቱን ብለን አማንሽ!» አሉና ውሃ ጣዱ።

ውሃው ፈልቶ ሲበርድ ሩቅያ በቅሉ ተጎነጨችና ለሔራን አቀበለቻት። ሔራን ጠጣች።

«አንቺስ ለጥናትሽ ስለምትፈልጊን ጠጣሽ» አለች ሩቅያ። «እዚያ የምትቀበለኝ ነርስ ከዚህ ቅል ከጠጣች እተኛለሁ። ካልጠጣች እመለሳለሁ።»

«እዚያ ያለችውን ሲስተር የሺአረግን አውቃታለሁ፤ አሁኑኑ ልደውልላት።»

«እንዳትደውዪ! ተነግሯት ከጠጣች ምኑን ጠጣች?»

ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው ባጃጅ አይገባም። የሩቅያ ባል እንድሪስ በቅርቡ ሠርቶ የጨረሰውን የደንገል ታንኳ ወደ ውሃው ገፋ፤ ሴቶቹም ተሳፈሩ። ሔራን በጣና ዳር አድጋ ታንኳ ላይ ወጥታ አታውቅም። ከሥሯ ያለው የታሰረ ደንገል ብቻ ነው፤ ምስማር እንኳ የለውም። ውሃው በደንገሉ መሃል ሰርጎ ቀሚሷን ያርሰዋል፤ ታንኳው ግን አልሰመጠም። ጭጋጉ ሲገለጥ ባሕሩ እስከ ዓይን ማለቂያ በራ። እንድሪስ ሩቅያን እንዳይንጣት ማዕበሉን ፊት ለፊት እየተቀበለ ይቀዝፋል። እሷ ደግሞ ውሃ የሞላውን ቅል በሁለት እጇ ይዛ ጠብታ እንዳይፈስ ትጠብቃለች።

ሔራን ስልኳን አወጣች። ለሲስተር የሺአረግ አንድ አጭር መልእክት ብትልክ የሚያውቅ የለም፤ የሰው ሕይወት ነው። ሩቅያን ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ፈዝዟል፣ እግሯ አብጧል፤ ጀርባዋ ግን አልጎበጠም። እንዲህ ያለ ክብር በቅርብ አይታ አታውቅም፤ ፈራችው። ስልኩን አጠፋችው።

ከባሕሩ ዳር ሲመጡ አይታ ሲስተር የሺአረግ ሆስፒታሉ በር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀበለቻቸው። ሩቅያ አልተቀመጠችም። ከቅሉ ተጎነጨችና ዘረጋችላት።

«ጠጪ።»

የሺአረግ መጀመሪያ ቅሉን፣ ቀጥሎ የሩቅያን እርጥብ ከንፈር አየች።

«ውሃ ነው?»

«የፈላ ነው» አሉ እማማ ዘይነባ። «የእናንተ ሆድ አይችልም አሉ።»

የሺአረግ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። «ተባረኪ እቴ! ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን አላረጠብሁም። ሌላ አለ?»

ሩቅያ ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እማማ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ወንበሩ ወደ ውስጥ መገፋት ሲጀምር ሩቅያ ባዶውን ቅል ለሔራን ሰጠቻት።

«ሞልተሽ ያዢልኝ» አለቻት። «ማታ ሌላ ነርስ ትገባለች።»