አራት ዙር ሙስበሃ

እማማ ቡርቱካን ስምንት ወር ሙሉ አንድ ነገር ሲናገሩ ከርመው የሰማቸው አልነበረም። «ይሄ ኮምፒውተር የሰነፈው ሲራጅ ከሄደ ወዲህ ነው» ነበር የሚሉት። ልጃቸው ነኢማ ይህን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች። አማቻቸው አብዱልሐሊም ደግሞ ደንበኛውን በዓይኑ ጠቀስ አድርጎ «የልጅ ናፍቆት ነው፣ ምን ይደረግ» ይላል፤ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው፣ ጆሯቸውም ደህና ሆኖ። ናፍቆቱማ አለ፣ ማን ካደ? ናፍቆትና ቁጥርን ግን ምን አገናኛቸው? እሳቸው የሚናገሩት ቁጥር ነበር።

ሱቋ መርሳ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለች አንድ ክፍል ናት። አቤቱታ ይጻፍባታል፣ ጉርድ ፎቶ ይነሳባታል፣ መታወቂያ ኮፒ ይደረግባታል። የከፈታት ሲራጅ ነው፣ የእማማ ቡርቱካን የመጨረሻ ልጅ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በፊት ተነስቶ ወጣ። በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሊገባ ነው ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። በማን እጅ እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ በተደረገለት ቀን አብዱልሐሊም በሰው ሁሉ ፊት «ያን ሳምንት ውርጌሳ ነበርኩ፣ ዓይኑንም አላየሁት፣ ወላሂ!» ብሎ ምሏል።

ሱቋን ነኢማና ባሏ ያዟት። እማማ ቡርቱካን ግን በልጃቸው ጊዜ ይቀመጡባት የነበረችውን ዱካ አልለቀቁም።

መርሳ ላይ መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይሄዳል። በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ እማማም ሙስበሃቸውን፣ ባለ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬውን መቁጠሪያ፣ መቁጠር ይጀምራሉ። ልማዳቸው ነው፤ ባዶ ጊዜ አይወዱም። በሲራጅ ጊዜ አንድ ዙር፣ ዘጠና ዘጠኙ ሳይሞላ፣ የብርቱካኑ ዛፍ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ቁልጭ ይል ነበር፤ ልጁ በእናቱ ስም የለጠፈው ፎቶ ነው። እሱ በወጣ በማግስቱ አራት ዙር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ አራት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሦስት ሆኖ አያውቅም።

ሰኔ ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ ገበሬ ለፍርድ ቤት የሚያስገባውን አቤቱታ ሊያስጽፍ መጣ። መብራቱ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ሲያምጥ ሰዓቱ አለፈበትና እየተራገመ ወጣ። በነጋታው አብዱልሐሊም ከወልድያ ባለሙያ አስጠራ።

ባለሙያው ደጀን ይባላል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሚኒባስ ወርዶ ላቡን እየጠረገ ገባ። ኮምፒውተሩን አበራ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀና ወንበሩን ገፋ።

«አርጅቷል» አለ። «ፎርማት ላድርገው። ያለው ሁሉ ይጠፋና እንደ አዲስ ይጫናል።»

«ያለው ሁሉ ማለት ምኑ?» አሉ እማማ።

«ውስጡ ያለው ነዋ እማማ። ጽሑፉ፣ ፎቶው።»

«የሲራጅም?»

ደጀን ወደ ባለቤቶቹ ዞረ። «ሁሉም ይጥፋ» አለ አብዱልሐሊም ፈጠን ብሎ። «እሱ የሚፈልገውን ስልኩ ላይ ይዞት ሄዷል። ጨርስልን ወንድሜ፣ ሰው እየሸሸን ነው።»

«እማ፣ ተዪ እስቲ» አለች ነኢማ።

እማማ ቡርቱካን አልተዉም። ተነስተው፣ ጥላቸው ከራሳቸው የሚረዝም ሴትዮ ናቸው፣ ኮምፒውተሩና ደጀን መካከል ገብተው ቆሙ።

«ልጄ የተወልኝ ይሄን ብቻ ነው። ማንም አይጠርገውም። ደግሞ ምን እንዳመመው ሳታውቅ ልታጥበው ተነሳህ? ሐኪም ነህ ወይስ ገናዥ?»

ደጀን ሳቀ። አብዱልሐሊም አልሳቀም። «እማማ፣ አንቱ ስለዚህ ምን ያውቃሉ? ሰውየው የተማረ ነው።»

«ይማራ! የተማረ ሰው ይመልሳል፣ እጠይቀዋለሁ። ስማ ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲነሳ ብቻውን ነው የሚነሳ?»

ደጀን በእማማ ትከሻ አሻግሮ ኮምፒውተሩን አየ። «ብቻውን አይደለም። አብረውት የሚነሱ ፕሮግራሞች አሉ።» ዝርዝሩን አወጣና ቆጠረ። «አሥራ አንድ ናቸው።»

«አሥራ አንድ! ታዲያ ከነሱ አንዱ ነዋ እግሩን የያዘው። እኔ ሐብሩ ገጠር አምስት ላም ሳልብ፣ ወተቱ በአንድ ተቀላቅሎ እየተበላሸ ቢያስቸግረኝ፣ ላሞቹን አላረድኩም። የየላሟን በየጣሳው ለይቼ አሳደርኩት። የታመመችዋን ጠዋት ጣሳው ነገረኝ። አንተም ለይ። አንዱን አስተኛና ኮምፒውተሩን አስነሳው፤ እሱ ካልሆነ መልሰው፣ ሌላውን አስተኛ። እኔ እቆጥራለሁ።»

«ሰዓት እያለ በሙስበሃ!» አለ አብዱልሐሊም።

«ሰዓትህ ስምንት ወር ሙሉ የት ነበር?»

ደጀን አንገቱን አጎንብሶ ወደ ሥራው ገባ፤ ከእኚህ ሴትዮ ጋር ከመከራከር መሥራቱ ይሻላል ብሎ ይሆናል። መጀመሪያ የጸረ ቫይረሱን አስተኛ። አራት ዙር። የፕሪንተሩን አስተኛ። አራት ዙር፣ እንዲያውም ትንሽ ተረፈ። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደና ሩብ ሰዓት አስቀመጣቸው። ነኢማ ደንበኞችን «ከሰዓት ኑ» እያለች መለሰች። አምስተኛው ላይ ደጀን ራሱ ዞሮ «ስንት ሆነ እማማ?» ማለት ጀመረ፤ ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቷል። አብዱልሐሊም በር ላይ ቆሞ ያላምጥ የነበረውን ጥርስ መፋቂያ ሰብሮ ጣለ።

ሰባተኛው ላይ ደጀን ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄን ማን ጫነው? ከስልክ ፎቶ የሚገለብጥ ነው።»

ነኢማ አታውቀውም። «ቫይረስ ይሆናል፣ አጥፋው» አለ አብዱልሐሊም።

«ማጥፋት የለም። አስተኛው» አሉ እማማ።

አስተኝቶ ኮምፒውተሩን አስነሳ። የእማማ አውራ ጣት ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ትገፋለች። ሰባ። ሰማንያ። ሰማንያ ስድስተኛዋ ላይ የብርቱካኑ ዛፍ ቁልጭ አለ።



«መልሰው» አሉ እማማ። መለሰው፤ አራት ዙር ሆነ። «እንደገና አስተኛው።» አስተኛው፤ ሰማንያ ስምንት። እማማ ቡርቱካን ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ናፍቆት ነው፣ አይደል?»

ደጀን ፕሮግራሙን ከፍቶ ሲያገላብጥ ቆየ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የጫነው ሲራጅ ነው። ስልኩን ይዞ ሱቅ ሲገባ ፎቶዎቹን በዋይፋይ ራሱ ይገለብጥለት ነበር። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር የሱን ስልክ ይፈልጋል። ሲያጣው ደግሞ ይጣራል፤ እስኪታክተው ይጣራል። ሌላውን ሥራ የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው።» ጣቱን መስኮቱ ላይ አኖረ። «ይኸው እንዲህ ይላል፦ የሲራጅ ስልክ፣ በመፈለግ ላይ።»

እማማ ቡርቱካን ፊደል አይለዩም። የደጀንን ጣት ተከትለው ቢያዩ ጥቁር ጭረት ነው። ዱካዋ ላይ ቁጭ አሉ። ስምንት ወር ሙሉ፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ይሄ ግዑዝ ነገር ልጃቸውን ሲጣራ ኖሯል። እነሱ ደግሞ ሰነፈ እያሉ ሲሰድቡት፤ እሳቸውም ሳይቀሩ። ነኢማ በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች።

«እንዳይነሳ ላድርገውና ይገላገል?» አለ ደጀን።

«ቆይ። ስልኩን መጨረሻ ያገኘው መቼ ነው?»

በፈረንጅ የተጻፈውን ቀን በጣቱ ቆጥሮ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው። «ጥቅምት ውስጥ ነው። ሐሙስ፣ ማታ አንድ ሰዓት።»

«ሊወጣ ዋዜማው ማታ። ምን ገለበጠለት?»

«አንድ ፎቶ ብቻ።»

«ክፈተው።»

«ሶላት ደርሷል» አለ አብዱልሐሊም ከበሩ። «ከዙሁር በኋላ ብናየው…»

«ዙሁር ገና ነው። ሶላትን አንተ ነህ ለእኔ የምትነግረኝ? ክፈተው ደጀን።»

ፎቶው የተነሳው ሐራ ነው፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል። ሲራጅ እጁን ዘርግቶ ራሱን አንስቷል፤ ጥቁር ቦርሳ አንግቶ ይስቃል። በስተቀኙ ቀይ ሽርጥ ራሱ ላይ የጠመጠመ፣ ማንም የማያውቀው ሰው አለ። በስተግራው፣ ክንዱን የሲራጅ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ አብዱልሐሊም ቆሟል።

ለዚህ ፊደል አያስፈልግም። እማማ ሦስቱንም አዩዋቸው።

«ውርጌሳ ነበርኩ አላልከኝም?» አለች ነኢማ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «በሱ ስም ዱዓ ላይ ቆመህ አልማልክም?»

«ለመነኝ» አለ አብዱልሐሊም፤ ወደ ማናቸውም አያይም። «‹ደላላ አሳየኝ፣ እናቴ እንዳትሰማ› አለኝ። አሳየሁት፣ በቃ። ሳዑዲ ገብቶ ሲደውል ሁሉም ይረሳል ብዬ ነበር። አልደወለም። ቀኑ በገፋ ቁጥር አፌ ተያዘ። ምን ብዬ ልናገር?»

እማማ ቡርቱካን ይጮሃሉ ብለው ሁሉም ጠበቁ። አልጮሁም።

«ስምንት ወር ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ በላህ» አሉ። «ጃጅታለች እያልክ በሰው አሳቅክብኝ። ዛሬም ልታስጠርገው ነበር፤ አውቀህ ይሁን ሳታውቅ እሱን ለአላህ ንገረው። የዚያ ሰውዬ ቁጥር አለህ?»

አብዱልሐሊም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ጠየቅኩህ።»

«አለኝ። ግን ላያነሳው ይችላል እማማ። አንዴ ሞክሬ…»

«አንዴ!» ወደ ኮምፒውተሩ አገጫቸውን ወረወሩ። «ይሄ ብረት በቀን ሦስቴ ሲሞክር ከርሟል። ደጀን፣ ፕሮግራሙን እንዳትነካው። ይጣራ። ከዚህ ቤት ልጄን የፈለገልኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሙስበሃቸውን ከጭናቸው አነሱና የመጀመሪያዋን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ያዙ።

«አሁን ስልክህን አውጣ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ልቀቀው። ካላነሳ ደግመህ ደውል፤ እስኪታክትህ ደውል። ልጄን የት እንዳደረሰው በራሱ አፍ ይንገረኝ። አንድ ዙር እቆጥራለሁ። ዘጠና ዘጠኙ ሳይሞላ ሲጠራ ልስማው። ደውል።»