የሳጥኑ ደራሲዎች

የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ዋና አዘጋጅ መሆን ለወሬ ያምራል። ሥራው ግን ከደረጃ ሥር፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር በተጋሯት ክፍል ውስጥ በነጻ መንገላታት ነው። ዋና አዘጋጇ የሕግ ተማሪ ናት። አብረዋት የሚንገላቱት ሁለት ናቸው፦ አንድ ነጠላ ሰረዝ ከጠፋ እንቅልፍ የማይወስደው አራሚ፣ ሰረዝ ይሉታል፤ ከጽሑፉ ይልቅ ለዳሩ ባዶ ቦታ የምትጨነቀው ገጽ አቀናባሪ ደግሞ ኅዳግ ትባላለች።

ጽሑፍ በብዕር ስም ብቻ በሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ሳጥን ይገባል። ሦስቱ ተሰብስበው ጮክ ብለው ያነቡታል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሳቀ ሰው የእምቢታውን መልስ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል። የዋና አዘጋጇ ሳቅ ቅርብ ነው። ስለ ጨረቃ ለመጣ አንድ ግጥም፣ «ጨረቃዋን ተዋት፤ ምን አደረገችህ?» ብላ ለጥፋለች።

አንድ ቀን የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አስጠሯት።

«ክፍሏን ለፎቶኮፒ ማሽን እንፈልጋታለን» አሏት። «ከእናንተ ሌላ የሚጽፍ ካለ አምጡና አሳዩኝ። ከሌለ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

ክው አለች። ሳጥኑ ባዶ ሲሆንባት፣ ጓደኞቿ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብላ «የወንዝ ዳር» በሚል ስም እየጻፈች የምትከተው ራሷ ነበረች። የወንዝ ዳርን ከየት ታምጣት? ፀጉር ቤት ያላትን አክስቷን ለመነች።

«ምን ልበል?» አለች አክስት።

«ዝም በይ። ደራሲ ዝም ሲል ያምርበታል።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አልሞከርሽውም?»

በቀጠሮው ቀን ኃላፊው ክፍሏ ድረስ መጡ፤ አክስትም ቀርባለች። ሰረዝ አንድ ጎረምሳ አስከትሎ ገባ። «‹ብረት ልብ› በሚል ስም የሚጽፈው እሱ ነው» አለ። ዋና አዘጋጇ በብረት ልብ ታሪኮች ስንቴ አልቅሳለች። ጎረምሳው ግን የሰረዝ እህት ባል ነው፤ ዋና አዘጋጇ ዓምና ሠርጉ ላይ ጨፍራለታለች። ኅዳግ ያመጣቻቸው «ባለቅኔ» ደግሞ አፍንጫቸው ቁርጥ የእሷው፣ አባቷ ነበሩ።

ሦስቱ አዘጋጆች ተያዩ። ለካስ ሲያደንቁም ሲያሾፉም የከረሙት እርስ በርሳቸው ኖሯል። ዋና አዘጋጇን ያንገበገባት ሀፍረቱ አልነበረም፤ ከዚያች ክፍል ውጭ አንድም ሰው ያልጻፈላቸው መሆኑ ነው እንጂ።

ኃላፊው ወደ አክስቷ ዞሩ። «በግጥምዎ ውስጥ ያ ውሃ ምንድነው?»

አክስት ዝም ማለቱ ከበዳት። «ውሃ ለፀጉር ጥሩ ነው» አለች።

ኃላፊው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ተቀመጡ። «እኔን የበለጡኝን ሰዎች ለማየት ነበር የጓጓሁት» ብለው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከበሩ ላይ የተላጠ፣ በዋና አዘጋጇ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ጨረቃዋን ተዋት...»

ክፍሏ አለቀላት። ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት፤ ደስታዋ ግን ቀደማት።

«እርስዎ ነዎት የላኩት? ማንም ሳይለምንዎት?»

«ማንም።»

ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ግጥሙን ይዘውታል?»

ይዘውታል። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሰረዝ ከንፈሩን ነከሰ፤ ኅዳግ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ጨረቃዋ ሻሿን ፈትታ ከምታለቅስበት ስንኝ ሲደርሱ፣ መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ኃላፊው ሆኑ።

«እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነው መልሱን የሚጽፈው» አለችና እስክሪብቶዋን ሰጠቻቸው።

ከእሷ ጽሑፍ ሥር እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ጨረቃዋን ትቻታለሁ። ክፍሏንም።»