አውርድ ያለው የለም

"ያዝ! ያርጋል፣ ያዝ እንጂ!"

ገዱ እየጮኸ፣ ከበቅሎዋ ጀርባ የሚያወርዱት ጭነት አመለጠ። በያርጋል በኩል ያለው ጓዝ መሬት ሲመታ ኮርቻው ተጠመዘዘ፤ በቅሎዋ ደንግጣ ስትራገጥ ሰኮናዋ የገዱን ጉልበት ለጥቂት ሳተው።

"ምን ነካህ?"

"ላብ ነው፤ አዳለጠኝ" አለ ያርጋል። የደባርቅ ብርድ ላብ የሚያመጣ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን አብሮት የጫነው ገዱ ግን ኮርቻውን ወደ ማቃናት ዞረ።

ያርጋልን ክረምት ላይ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መትቶት ነበር። ወደ በቅሎ ጫኞች ማኅበር ሲመለስ "እስቲ ይቺን ገብስ አንሣ" አሉት። ከረጢቱን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ሲያወጣው ተጨበጨበለት። ከትከሻው የተቀበለው ገዱ ነው። በዚህ አገር የወንድ ጉልበት የሚለካው በማንሣት ነውና አውርድ ያለው የለም።

ጭነቱ ባመለጠበት ቀን ከሰዓት ሆስፒታል ሄደ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የትናየት ክንዱን ወደ ላይ አስነሣችው፤ ያለ ችግር ተነሣ።

"አሁን ቀስ አድርገው ያውርዱት።"

ክንዱ ወድቆ ጠረጴዛውን መታ።

"ጉልበቴ የት ሄደ፣ ልጄ?"

"ጉልበትስ አለዎት፣ ጋሼ። ሲያነሡ አእምሮ የመሬትን ስበት ታግሎ ይገፋል። ሲያወርዱ ግን ያንኑ ስበት ይጠቀምበታል፤ አስቀድሞ ገምቶ፣ ለቀቅ ያዝ እያደረገ ያወርዳል። የእርስዎ አእምሮ መያዙን ገና አልተማረም።"

"በቅሎም እኮ ሰው የምትጥለው ቁልቁለት ላይ ነው።"

"ይማራል። ግን ባዶ እጅዎን ዕለት ዕለት በማውረድ ነው እንጂ በጭነት አይደለም።"

"መቼ ይድናል?"

"አላውቅም፤ አልዋሽዎትም።"

ያርጋል አዝኖ ወጣ። ጭነት ያልቻለ ሰው የበቅሎ ገመድ ይይዛል፤ ገመድ መያዝ ደግሞ የጀማሪ ሥራ ነው። በዚህ ዕድሜው ይህን ማሰቡ አሳፈረው። ሰኮና ለጥቂት የሳተው የገዱ ጉልበት ትዝ ሲለው ግን ከኀፍረቱ ፍርሃቱ በለጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሳንቃ በር የሚሄዱ ቱሪስቶች ጓዝ ተደርድሯል። ገዱ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የትናንቱን አላነሣበትም።

"ና እንጂ፣ እንጫን።"

ያርጋል ወደ በቅሎዋ ራስ ሄደና ገመዱን እንግዳው ከሚባለው ጀማሪ እጅ ተቀበለ።

"ከገዱ ጋር አንተ ጫን።"

"ምነው፣ ማንሣት ትችል የለ?" አለ ገዱ።

"ማንሣቱንማ እችላለሁ። የትናንቱ ላብ አይደለም፣ ገዱ። እጄ ማውረድ አቅቶት ነው።"

ማኅበርተኛው ሁሉ ሰማ። ያርጋል ገመዱን በግራ እጁ አጥብቆ ያዘ። ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ አነሣና፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቀስ አድርጎ ለማውረድ ሞከረ።