ሰንበታ ይዞት የሄደው ሣር

ሰንበታ ከሹማምንቱ ስብሰባ ሲመለስ ሚስቱ ዘርፉ ገብስ ቆልታ፣ ወፍራሙን ጋቢ አጣጥፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

“አዲስ አበባ ይወስዱዎታል አሉ። ስንት ዓመት ፈረዱብዎት?”

ከዚያ መንደር ስሙ ተጠርቶ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሁሉ የሄደው ለእስር ነበር።

“አልታሰርኩም አንቺ ሴት! ለአዲሱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት መረጡኝ። ስለ ወረዳችን ተቀምጬ ልመክር ነው።”

“የተከሰሰ አለ?”

“የለም።”

“ከሳሽም ተከሳሽም ከሌለ ምን ያስቀምጥዎታል?”

ሰንበታ ሳቀ። መልሱን እሱም በደንብ አያውቀውም ነበር። “ቆሎውን ግን ስጪኝ” አላት።

የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአዳማ በታች መሬት የተመሩት ፊታውራሪ አብተው፣ ከብት ወደ አዋሽ የሚወርድበትን መንገድ በእሾህ አጥረውታል። ዝናብ ያቆረው ኩሬ እየደረቀ ነው። ከብቶቹ ከአጥሩ ወዲህ ቆመው፣ ጆሯቸውን አቅንተው የወንዙን ድምፅ ሲያዳምጡ ይውላሉ።

ሊሄድ በተነሣበት ንጋት የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ገርባ በአጥሩ ሥር እጃቸውን አሾልከው በወንዙ በኩል ከበቀለው ሣር ነጭተው ሰጡት። በአገሩ ልማድ ለምለም ሣር ይዞ የሚለምን ሰው፣ ሣሩን ከተቀበሉት ልመናው ተፈጸመለት ማለት ነው። ሣር ተቀብሎ የሚከዳ የለም።

“አንተ ካወራህ ማቆሚያ የለህም” አሉት። “ዝም በል፤ ሣሩ ይናገር።”

ሣሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ባቡር ተሳፈረ። ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖት ግራሮቹ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው ፉርጎዎቹ እርስ በርስ እየተከታተሉ ውኃ ሊጠጡ የሚወርዱ ላሞች ሆኑ። እሱም ከኋላ እየነዳ፣ ማንም ሳያስቆመው ወረደ፣ ወረደ።

በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ተነበበ። ከሚነበበው ግማሹ አልገባውም። አረንጓዴውን ምንጣፍ ትኩር ብሎ ሲያይ ምንጣፉ ቀስ እያለ መፍሰስ ጀመረ፤ የአንባቢው ድምፅም የአዋሽን ድምፅ መሰለው። ሲነቃ ሰዉ እየተነሣ ነበር። ወደ ፊት ሄዶ፣ ከፊት ለተቀመጡት አዛውንት ሹም እጅ ነስቶ ሣሩን ዘረጋ።

“ጌታዬ፣ ከብቶቻችን ውኃ ናፈቃቸው።”

አዛውንቱ በሰዉ ጫጫታ መሐል ምን እንዳለ አልሰሙትም። ለእሳቸው ደግሞ ለምለም ሣር የበዓል ስጦታ እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሸተቱት።

“እሰይ! አገራችሁ ለምለም ነው” አሉና ፈገግ ብለው አለፉ።

ምክር ቤቱ ለበዓል ሲዘጋ ሰንበታ ተመለሰ። መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ጠበቀው።

“ተቀበሉህ?” አሉ ኦቦ ገርባ።

“በሁለት እጃቸው። እንዲያውም አሸተቱት።”

“ካሸተቱትማ አለቀ!” አለ አንዱ። “ፊታውራሪ ከዛሬ ወዲያ አጥራቸውን ለማገዶ ያድርጉት!” ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ዘርፉ ብቻ አልሳቀችም። “በአፋቸውስ ምን አሉ?”

“አገራችሁ ለምለም ነው አሉ።”

“ስለ አጥሩስ?”

ሰንበታ የአዛውንቱን ፈገግታ አስታወሰ፤ ቀጥሎ ግን እንደገና ያ የሚፈሰው ምንጣፍ መጣበት። “ሣሩን ተቀብለዋል” አለ በቀስታ።

በማግስቱ መንደሩ ወጥቶ አጥሩን ነቀለ። ከብቶቹ በጉሙ ውስጥ እየተጋፉ ወረዱ፤ ጉልበታቸው እስኪሰጥም ገብተው ጠጡ። ሰንበታም ጫማውን አውልቆ አብሯቸው ቆመ።

በሳምንቱ የፊታውራሪው ሰዎች መጥተው፣ አጥር አስፈርሰሃል ብለው ሰንበታን አስረው ወሰዱት። ዘርፉ ገብስ ቆልታ፣ ወፍራሙን ጋቢ አጣጥፋ ተከተለችው።