ሳልባትዮ ላይ የሄደ ሽምግልና

የጎረቤቴ የታምሩ ላንድክሩዘር ከልጁ ከክብሩ ትበልጣለች። ክብሩ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ታምሩ ለማን የበለጠ እንደሚሳሳ አልናገርም፤ ጎረቤት ነኝ፣ ነገ ፊቱን አየዋለሁ።

ባለፈው ወር የመኪናዋ ነዳጅ መያዣ፣ መካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉት፣ በዝገት ተበሳ። ታምሩ በልብስ ሳሙና ደፈነው። ሳሙናው እስከ ሐይቅ ዳር ያደርሰዋል፤ ሲመለስ ግን ናፍጣው አስፋልቱን እያጠበ ይመጣል። እንዲሁ ይኖር ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ሩሀማን ለክብሩ ለመጠየቅ ሽማግሌ አለታ ወንዶ ሊሄድ ተቀጠረ። የልጅቷ አባት አቶ ታደሰ ሦስት ሰዓት ብለዋል፤ በሰዓት የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። እኛ መንገድ ላይ ከቀረን ክብሩም ቀረ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፦ የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ ጋሽ እስራኤል፣ የባንክ ጥበቃ የነበረው ፊልሞን፣ እና እኔ ግዛቸው።

ረቡዕ ዕለት ከታምሩ ጋር ሳልባትዮ ልንመርጥ ወጣን። ፒያሳ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ ግን ንጹሕ ተገኘ። ታምሩ እንደ ሐብሐብ አንኳኳው፣ ጆሮውንም ለጠፈበት።

«ስንት ይይዛል?»

«ዘጠና ሊትር» አለች ባለሱቋ ብሌን። «የራሷ ልክ ነው፤ ከሥር ገብቶ ልክክ ይላል።»

«ዘጠና ለማን ይበቃል? የማደያውን ሰልፍ አላየሽም? ባለፈው ጢሜን ተላጭቼ ሄጄ ጢም አውጥቼ ነው የተመለስኩት።»

«አባቴ፣ ሳልባትዮ ትልቅ ስለሆነ ሰልፉ አያጥርም።»

«አያጥርም። እኔ ግን ቶሎ ቶሎ አልሰለፍም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እስከዚያ ድረስ ሳልባትዮ ላይ አልደረስንም ነበር።

ከዚያ ወደ በያጁ ተመስገን ሄድን። ተመስገን የውሃ ታንከርና የግቢ በር የሚሠራ ሰው ነው። ታምሩ በካርቶን ቆርጦ ያመጣውን ልክ ዘረጋለት።

«መቶ ሰማንያ ሊትር ይወጣዋል» አለ ተመስገን። «ግን ይሄ ከሥር አይገባም።»

«ከኋላ፣ ወለሉ ላይ ይሁን።»

«እዚያ ወንበር አለ አይደል?»

«ወንበር ይነሳል።»

ሰው የት ይቀመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። ከሚቀመጡት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አጠገባቸው ቆሜ ሸንኮራ እበላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የመኪናዋን በር ከፈትን። ከኋላ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሳልባትዮ ተጋድሟል። እንዳይጎብጥ ተብሎ ላዩ ላይ ሦስት ብረት ተበይዶበታል፤ መክደኛው መሐል ላይ እንደ እንጉዳይ ብቅ ብሏል። ቦታ የተነጠቀው ስኮርታ ጎማ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስሮ ተቀምጧል።

«ስኮርታው ወደ ኋላ ይሂድና ጋሽ እስራኤል ከፊት ይሁኑ» አልኩ።

«ጎማ ቀለሙን ይፍቀዋል» አለ ታምሩ።

«እኛስ?»

«እናንተ ለስላሳ ናችሁ።»

ሚስቱ ሰብለ አዝና ትራስ አመጣች። አንድ። ለጋሽ እስራኤል ተሰጠ። መክደኛው ወገን ማን ይሁን ሲባል ፊልሞን በዕድሜ ትንሹ ነህ ተባለ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መቶ ሰማንያ ሊትር ናፍጣ ከሥራችን እየተንቦጫረቀ ተነሳን። ይርጋለም ስንደርስ ወገቤን አጣሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ፊልሞን እስከ ዛሬ ሲነሳ አይወድም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ደረስን። ታምሩ የልጁ አባት ስለሆነ ደጅ ቀረ፤ እኛ እንደ ዳክዬ እየተራመድን ገባን። አቶ ታደሰ ሦስት የእንጨት ወንበር አሰልፈው ይጠብቃሉ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ።»

ጋሽ እስራኤል ወንበሩን አዩት። «የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።»

ይህ የሽምግልና ወግ ነው። አንዴ ይባላል፣ ባለቤቱ ሲለምን ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ዘመድ እናማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ይባላል። አቶ ታደሰም ለወጉ ለመኑን።

«እባካችሁ፣ ደክማችኋል።»

«ቆመን ይሻለናል» አለ ፊልሞን። እንዲህ ከልቡ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ ለመኑን። እኔ ልሞክር ጎንበስ አልኩና ብረቱ ገና እዚያው ያለ መስሎኝ ቀና አልኩ። ጉዳዩን ቆመን ተናገርን። አቶ ታደሰ ከባለቤታቸው ጋር ሊመክሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ እንደተዉን ቆመን አገኙን። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ብዙ ሽማግሌ አስተናግጃለሁ» አሉ። «ስለ ሰው ልጅ እንዲህ የቆመ አላየሁም። ሌላ ቀጠሮ አልሰጥም፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን እንኳ ተቀመጡ።»

ተያየን።

«በቅድሚያ የምስጋና ጸሎት» አሉ ጋሽ እስራኤል። «ቆመን።»

አስረዘሙት። አሜን ለማለት የቸኮለ አልነበረም።

ስንወጣ ታምሩ ሳልባትዮውን በጨርቅ እየወለወለ ነው። ነገርኩት። ተንበርክኮ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ጨርቁን አጣጠፈ።

«አየህ? ዘጠናውን ገዝተን ቢሆን ተመቻችታችሁ ተቀምጣችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ትባሉ ነበር።»

 መመለሻዬን ሚኒባስ ልይዝ ወደ አስፋልቱ አቀናሁ፤ ጋሽ እስራኤልም ትራሱን ይዘው ተከተሉኝ።