የሽባው እጅ ትህትና

አባቴ ሽባ በሆነው እጁ ሰው አከበረ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም እንዳሰበው እየሄደለት ነበር።

ተማሪ ሁሉ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ሄዶ ካላስተማረ ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ አይሰጥም። ለእኔ የደረሰኝ ጎሬ ነው። አባቴ አቶ ሀምዱ ኮልፌ አጠና ይነግዳል፤ ድምፁ ከመጋዝ ይበልጣል። ጎሬን አይቶት አያውቅም፤ ሴት ልጅ ብቻዋን የምትሄድበት አገር እንዳልሆነ ግን ያውቃል። በክርክር ሞከረኝ፣ አልሆነለትም። በእናቴ በዙቤዳ በኩል ሞከረኝ፣ አልሆነለትም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ከአልጋው ሊወርድ ሲል ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው።

ምላሱ ግን ይታዘዘው ነበር። ቀኝ እጁም እንዲሁ። በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ቀኙን ሽባ ቢያደርገው በምን ሊጎርስ ነው?

ከወደ ጦር ኃይሎች አንድ ድሬሰር ተጠርቶ መጣ። ደም ወደ ራሱ ወጥቶ ነው አለና ቫይታሚን ወግቶት ሄደ። ከዚያ ሰፈሩ ለጥየቃ ይጎርፍ ጀመር። የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ጋቢው ላይ እንደ ፍልጥ የተጋደመውን ግራ እጅ ያያል፤ ቀጥሎ በሩ አጠገብ የቆመውን ሻንጣዬን። አትሂጂ ያለኝ የለም። ሁሉም ግን የታመመ አባቷን ጥላ ስለሄደች አንዲት የአስኮ ልጅ ያውቃል፤ መጨረሻዋ በየአፉ ይለያያል እንጂ አንዱም አያምርም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጉዲቱ እንኳ ሻንጣዬን እያየች፣ “እኔስ ተመስገን፣ ልጅ የለኝም” አለች።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ከአንጎልና ከአከርካሪ የሚወጣው ትእዛዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ እጅና እግር ጡንቻ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ተነስ ሲለው ይነሳል፣ ተኛ ሲለው ይተኛል። ሌላው ልብን፣ ሆድን፣ ላብንና የዓይን ብሌንን ያዛል፤ እሱ ባለቤቱን አያማክርም። አስመሳይ የመጀመሪያውን ሊያስተኛው ይችላል። ሁለተኛውን ዝም በል ሊለው አይችልም።

ትራስ ላስተካክል ብዬ ተጠጋሁና የሽባውን እጅ ትርታ ያዝኩ። ስለ አጠና ሳወራው ልቡ እንደ ሽማግሌ በቅሎ ያዘግማል። ሰኞ አውቶቡሱ ሲነሳ ስለው ይጋልባል፤ ብሌኑ ይሰፋል፣ መዳፉ ያልበዋል። ይህ ግን መፍራቱን እንጂ ማስመሰሉን አያሳይም፤ የእውነት ሽባም ይፈራል። ስለዚህ ወደ እግሩ ወረድኩ። የግራ ውስጥ እግሩን ከተረከዙ እስከ ጣቶቹ በቁልፍ ጫፍ ጫርኩት። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ቢሆን አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይቀና ነበር። የአባቴ ጣቶች እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ጣቶች ወደ ታች ታጠፉ። እሱም ሳቁን ለመዋጥ ሳል ሳለ።

ለእናቴ ነገርኳት። ወጡን ማማሰሏን ሳታቆም፣ “አውቃለሁ” አለችኝ።

“ታዲያ?”

“ታዲያ ምን? አባትሽ እስከ ሽባነት ከደከመልሽ አንቺ መቅረት ያቅትሽ?”

ማስረጃ ለዚህ ቤት ምንም እንደማይሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰኞ ካልሄድኩ ዓመቴ ይቃጠላል። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ቀኝ ጎኑ ይከተላል፤ እስከዚያ ባል ይገኝልኛል።

አባቴ ነገሩን ሊቋጨው ግራዝማች አምሐን አስጠራ። ቤታችን የቆመበት መሬትም፣ አባቴ የሚቆርጠው ባሕር ዛፍም የእሳቸው ነው። ግራዝማች ቅሪ ካሉኝ በኮልፌ ሂጂ የሚለኝ አይኖርም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ። ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ እያሉ ወደ አልጋው ቀረቡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ በባዶ ቀኝ አይጨበጥም። ጎንበስ ተብሎ፣ ግራ እጅ ቀኝ ክንድን ደግፎ ነው። አባቴ ይህን የተማረው ከመራመድ ጋር አብሮ ነው። ወገቡ ከትራሱ ተነሳ፣ አንገቱ ተሰበረ፤ ያ ስንት ጠያቂ ያለቀሰለት ግራ እጅ ሄዶ ቀኝ ክርኑን ደገፈ። ግራዝማችም ቶሎ አልለቀቁትም።

መምህሮቻችን ያ ጡንቻ ለፈቃድ ይታዘዛል ብለው አስተምረውናል። ኮልፌን አያውቁም። በመርፌ ፊት ያልተንቀሳቀሰው እጅ፣ ባላባት ሲያይ እንደ ልብና እንደ ሆድ ባለቤቱን ሳያማክር ሄደ።

አባቴ የገዛ እጁን የሰው እጅ ይመስል አየው። እናቴ ጋቢውን ልትስብበት ጀምራ ተወችው። ቀድማ የተናገረችው ጉዲቱ ናት።

“የግራዝማች እጅ ነው ያዳነው” አለች።

ከዚያ እልልታ ሆነ። እናቴ ወደ እኔ ሳታይ አልሐምዱሊላህ አለች። ግራዝማች ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፉን አዩት፣ መልሰው ጀርባውን አዩት፤ ድሮም የጠረጠሩት ነገር እንደተረጋገጠላቸው ሰው።

“አያቴም እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው” አሉ።

እግርህን አንሳ አሉት፤ አነሳ። ቁም አሉት፤ ቆመ። ከአንጎሉና ከአከርካሪው የትኛው እንደሚያዘው መመራመር አላስፈለገም፤ የሚያዙት ግራዝማች ነበሩ።

እኔም ተነሳሁ። “ግራዝማች፣ አባባ ድነዋል ማለት ነው?”

“አይታይሽም?”

“ነገ ተመልሶ አያማቸውም?”

ፊታቸው ተለወጠ። “እኔ የነካሁት?”

እንግዲያው ያስቀረኝ የአባባ መታመም ብቻ ስለነበር ወደ ጎሬ መሄዴ ነው አልኳቸው። አባቴ አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ግራ ትከሻውን ጨበጠ።

“ምን ሆንክ?” አሉ ግራዝማች። ከዘራው መሬቱን መታ።

አባቴ እኔን አየ፤ ከዘራውን አየ። ትከሻውን ለቀቀ።

“ምንም አልሆንኩም ጌታዬ። ደህና ነኝ።”

አውቶቡሱ የሚነሳው በማግስቱ ነው፤ ነገር ግን ተአምር ሲያድር ምን እንደሚሆን አይታወቅም። መርካቶ ጓደኛዬ ዘንድ ለማደር ወስኜ ሻንጣዬን አነሳሁ። የአባቴ ግራ እጅ ሊይዘኝ ከአልጋው ተነሳ። ግራዝማች እጁን ባለቤት ከብቱን በሚያይበት ዓይን ያዩት ነበር። እጁም አየር ላይ ቆሞ የሚሄድበት ሲጠፋው፣ ግራና ቀኝ ተወዛውዞ ተሰናበተኝ።

“ይማርዎት አልልም፣ አባባ” አልኩት። “ግራዝማች ምረውዎታል።”

ወጣሁ። በራችን ሳይሳብ አይገጥምም፤ ስቤ ዘጋሁት።